የራስን መኪና ይዞ ሌላ አገር መግባት እንዴት ነው? የምታውቁ እርዱኝ

መንገደኛዋ፦
ሰላም ናችሁ ወገኖች። መኪናዬን ይዤ በየብስ ሌላ አገር ልገባ አስቤ ነው፣ እዛ ለስራ የተወሰነ ወር እቆያለሁ፣ ኮንትራቱ ከተራዘመ ደግሞ ዓመትም ሊሞላኝ ይችላል፣ ሲያልቅ ግን መኪናውን ይዤው ነው የምመለሰው፣ የመሸጥ ሀሳብ የለኝም። አንዱ ድንበር ላይ ሙሉ ቀረጥ ትከፍያለሽ ይለኛል፣ ሌላው ሊብሬና ፓስፖርት አሳይተሽ ማለፍ ነው ይለኛል፣ ማንን እንደምሰማ ግራ ገብቶኛል። ሊብሬው ደግሞ በአባቴ ስም ነው። ኢንሹራንሴስ ድንበሩን ካለፍኩ በኋላ ይሰራል? እባካችሁ አስረዱኝ።

ባለ ኬላው፦
እህቴ ሁለቱም የነገሩሽ ውሸት አይደለም፣ የሚለያየው እንደምትገቢበት አገር ነው። ይዘሽው የምትመለሺ ከሆነ በጊዜያዊነት ማስገባት ነው የሚባለው፣ ቀረጥ አትከፍይም፣ ግን ጉምሩኩ መኪናው ተመልሶ እንደሚወጣ ማረጋገጫ ይፈልጋል። የአውሮፓ ህብረት አገሮች ነዋሪነቱ ከህብረቱ ውጭ ለሆነ ሰው በአብዛኛው እስከ 6 ወር ብዙም ሳያስቸግሩ ያስገባሉ፣ እንደ ህንድና ግብፅ ያሉት ግን ካርኔ ደ ፓሳዥ የሚባለውን የመኪና የጉምሩክ ዋስትና ደብተር ነው የሚጠይቁት። እሱን የሚሰጠው መኪናው የተመዘገበበት አገር ያለ የአውቶሞቢል ማህበር ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ለ1 ዓመት ይሰራል፣ ሲሰጥሽም ዋስትና ያስይዝሻል፣ ቀረጡ ከባድ የሆነ አገር ከገባሽ ዋስትናው ከመኪናው ዋጋ ሊበልጥ ሁሉ ይችላል።

የደብተሩን አሰራር በደንብ ልንገርሽ ምክንያቱም ብዙ ሰው ገንዘቡ የሚያዝበት እዚህ ጋ ነው። እያንዳንዱ ገፅ ሶስት ቦታ ይከፈላል፣ አንዱን ክፍል ስትገቢ ጉምሩኩ ቀዶ ያስቀረዋል፣ አንዱን ስትወጪ ይቀደዋል፣ ሶስተኛው ጉርዱ ደብተሩ ላይ ቀርቶ የመግቢያም የመውጫም ማህተም ያርፍበታል። የመውጫው ማህተም ከሌለ ለዛ አገር መኪናው አልወጣም ማለት ነው፣ ቀረጡን ከማህበሩ ይጠይቃሉ፣ ማህበሩም ካስያዝሽው ዋስትና ላይ ይወስዳል። ስለዚህ ሰልፉ ቢረዝምም፣ መሽቶ ቢሆንም፣ ሰራተኛው ሂጂ ችግር የለም ቢልሽም ማህተሙን በአይንሽ ሳታዪ መኪናሽን እንዳታስነሺ። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩንም ከሊብሬው ጋር አንድ በአንድ አስተያይ፣ አንዲት ፊደል ከተሳሳተች ድንበር ላይ ቁም ስቅል ነው።

ቀረጥ አዋቂ፦
ባለ ኬላው ያለው ሁሉ ልክ ነው ግን አንድ ዋና ነገር ዘሏል። ጊዜያዊው መብት የሚሰራው በአብዛኛው እዛ አገር ነዋሪ ላልሆነ ሰው ነው። አንቺ ለስራ ነው የምሄደው ብለሻል፣ የመኖሪያ ፈቃድ ከወሰድሽ በብዙ አገር ህግ እንደ ነዋሪ ትቆጠሪያለሽ፣ ያኔ ወይ መኪናውን ማስወጣት ወይ በቋሚነት አስገብቶ ቀረጡን ከፍሎ የአገሩን ታርጋ ማውጣት ነው ያለው። የቪዛሽ ጊዜና የመኪናው ጊዜም ለየብቻ ነው የሚቆጠሩት፣ አንቺ ተራዝሞልሽ መኪናው ሊያልቅበት ይችላል። ስለዚህ እኔ ብሆን መጀመሪያ የምጠይቀው የምሄድበትን አገር ጉምሩክ ነው፣ የቪዛሽን አይነት ጠቅሰሽ በፅሁፍ ጠይቂ፣ መልሱንም ፕሪንት አድርገሽ ያዢ።

በአባትሽ ስም መሆኑ አይከለክልሽም። መኪናውን ከአገር አውጥታ እንድትነዳ ፈቅጃለሁ የሚል ውክልና ይስጡሽ፣ በሰነዶች ማረጋገጫ የፀደቀና የምትሄጂበት አገር በሚያውቀው ቋንቋ የተተረጎመ ይሁን፣ ዝም ብሎ ለመንዳት ብቻ የሚል ውክልና ድንበር ላይ ያከራክራል።

ሹፌሩ፦
ስለ ኢንሹራንሱ እኔ ልመልስ፣ የራስሽ ፖሊሲ ብዙውን ጊዜ ድንበር ላይ ያበቃል። አውሮፓና አጎራባቾቹ ግሪን ካርድ የሚባል ድንበር ተሻጋሪ የመኪና ኢንሹራንስ አላቸው (የአሜሪካውን የመኖሪያ ፈቃድ ማለቴ አይደለም)፣ በምስራቅና በደቡባዊው የአፍሪካ ክፍል ባሉ በርካታ አገሮች የኮሜሳ (የአፍሪካ አገሮች የጋራ ገበያ) ቢጫ ካርድ አለ፣ ምዕራብ አፍሪካ ደግሞ ብራውን ካርድ። ግን ልብ በይ፣ እነዚህ በዋናነት ሶስተኛ ወገንን ነው የሚሸፍኑት፣ የራስሽ መኪና ቢጋጭ ወይ ቢሰረቅ ድርጅትሽ ሽፋኑን ካላሰፋልሽ ከኪስሽ ነው። ኢንተርናሽናል መንጃ ፍቃድም አውጪ፣ እ.ኤ.አ. የ1949ኙና የ1968ቱ ዓለም አቀፍ የመንገድ ትራፊክ ስምምነቶች የየራሳቸው አይነት መንጃ ፍቃድ ስላላቸው የምትሄጂበት አገር የትኛውን እንደሚቀበል አጣሪ። ሌላው መብራት ነው። በቀኝ ከሚነዳበት በግራ ወደሚነዳበት ከገባሽ አጭር መብራትሽ ከፊት የሚመጣውን ሹፌር አይን ነው የሚመታው፣ ለዚህ የሚለጠፍ ስቲከር አለ ወይም አንዳንድ መኪና ላይ ይስተካከላል። ማታ ከመንዳትሽ በፊት ጨርሺው፣ የሰው ህይወት ነው።

መንገደኛዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም፣ በጣም ነው የረዳችሁኝ። አንድ ብቻ ልጠይቅ፣ ወንድሜ እዛው አገር ነው የሚኖረው፣ እኔ ስራ ስሆን እሱ ቢነዳውስ?

ቀረጥ አዋቂ፦
እንዳታደርጊው። በጊዜያዊነት የገባን መኪና የአገሩ ነዋሪ ሲነዳው ከተያዘ ብዙ ቦታ መኪናው ይወረሳል ወይ ቀረጥና ቅጣት ይመጣል፣ ወንድምነት እዛ ጋ አይሰራም። አንቺ ከጎኑ ተቀምጠሽ የሚፈቅዱ አሉ፣ እሱንም ከጉምሩኩ አጣሪ። እና አያድርገውና መኪናው ተጋጭቶ ከጥቅም ውጭ ቢሆን እንኳን ጥለሽው ወይ ለጋራዥ ሰጥተሽው እንዳትመጪ፣ የፖሊስ ሪፖርቱን ይዘሽ ጉምሩክ ሂጂና ከስምሽ ላይ ያውርዱልሽ፣ ያወረዱበትን ወረቀትም ተቀበዪ።