«አኽትሜዋለሁ። ዘልቀሽ አሳልፊው።» ምን ማለቷ ነው?

ተራ ጠባቂ፦
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። አንድ ነገር ግራ ገብቶኝ ነው የመጣሁት። ደሴ ለሥራ ከመጣሁ ወዲህ መጽሐፍ ከሚያዟዙሩ ሴቶች ጋር ገጥሜያለሁ። አንድ ልብ ወለድ ይገዛል። አንዷ አንብባ ለሌላዋ ታቀብላለች። መጽሐፉ ሁላችንንም ሲያዳርስ ቡና ይፈላና ክርክር ይጀመራል። አሁን እጄ የገባውን የሰጠችኝ ሐይቅ ዳር ያደገች ጓደኛዬ ናት። ሽፋኑን ስገልጥ በእርሳስ እንዲህ ጽፋበታለች፦

«አኽትሜዋለሁ። ዘልቀሽ አሳልፊው።»

እኔ ያደግሁት አዲስ አበባ ነው። «አከተመ» ሲባል ቶሎ የሚመጣልኝ «አከተመለት» ነው። አለቀለት፣ ተስፋ የለውም እንደማለት። መጽሐፉን ጠላችው ማለት ነው? ደግሞስ «አሳልፊው» ያለችው ለሌላ ሰው ስጪው ነው ወይስ ለራሷ እንድመልስላት? መጽሐፉ የራሷ ነው። ገጠር ወርዳ ስልኳ አይሠራም። ቡናው ደግሞ እሑድ ነው።

የጦሳ ልጅ፦
አብሽሪ እህቴ፣ ምንም አልጠላችውም። በኛ አገር ቁርአን የሚቀራ ልጅ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሲወጣው «አኸተመ» ይባላል። ዱዓ ይደረግለታል። ቤተሰብ ደስ ብሎት ያበላል። ቃሉ የደስታ ነው። «ኻቲማችንን ያሳምርልን» ሲባልስ ሰምተሽ አታውቂም? ፍጻሜያችንን ያሳምርልን ነው። ጓደኛሽ ያለችሽ «ከዳር እስከ ዳር አንብቤዋለሁ» ነው፤ በቃ።

ባለ ግስ፦
ይቅርታ ወንድሜ፤ ቃሉ የግእዝ ነው። ኀተመ፣ የኀትም፣ ማኅተም። የሚጻፈው በብዙኃኑ ኀ ነው። በሃሌታው ሀ የሚጽፉት አሉ፤ በሐመሩ ሐ የሚጽፉትም አሉ። ሁለቱም ልክ አይደለም። ትርጉሙ አሸገ፣ አተመ ነው። በዮሐንስ ራእይ ያለው መጽሐፍ የታተመው በሰባት ማኅተም ነው። «በኅቱም ድንግልና» የምንለውም ከዚሁ ነው። የሚጠራጠር ካለ የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌን መዝገበ ቃላት ይግለጥ። በ1948 ዓ.ም. የታተመው ነው። በአበገደ ተራ ስለተደረደረ ግን ሀ ብሎ የጀመረ አያገኘውም።

ደግሞ ሐይቅ ተብሎ ግእዝ እንዴት ይረሳል? አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዘመን ያስተማሩበት ሐይቅ እስጢፋኖስ እኮ እዚያው ነው። ልጅቱ ያደገችው የዚያን ገዳም ደወል እየሰማች ነው።

የጦሳ ልጅ፦
ደወሉንም አዛኑንም ነው የሰማችው። እሺ፣ ኀተመ ማለት አሸገ ይሁን። አሽጋ ለሰው ትሰጣለች?

ባለ ግስ፦
በልቧ አተመችው ማለት ነው። ይህን ለማለት ሌላ ቋንቋ አያስፈልግም።

ባለ ቦርከና፦
ወገኖቼ፣ ዐረብኛውም ኸተመ ነው፣ ግእዙም ኀተመ ነው። ሁለቱም ማሸግ ነው። ቋንቋዎቹ ዘመዳሞች ናቸው፤ የአንድ አያት ልጆች እየተጣላችሁ ነው።

ይልቅ እኔ የምወደውን ልንገራችሁ። ብዙኃኑ ኀ አማርኛ ውስጥ ሲላላ አ ይሆናል። ኀተመ «አተመ» ሆነ። ማተሚያ ቤት፣ አሳተመ፣ ኅትመት ሁሉ ከዚያ የመጡ ናቸው። እንግዲህ ደራሲው አሳተመ፣ አንባቢዋ አኸተመች። በአንዱ ጫፍ የጻፈው፣ በሌላው ጫፍ ያነበበችው፣ በመካከል አንድ ሥር። ማተሚያ ቤት ስለሠራሁ ይሆናል፣ ይህ ነገር ሆዴን ያባባዋል።

መሪጌታ ዘአምባሰል፦
ሁላችሁም መንገድ ስታችኋል። አከተመ የሚወጣው ከ«ከተመ» ነው። ከተማ በግእዝ ጫፍ ነው፣ ዳርቻ ነው፣ መጨረሻ ነው። ንጉሥ ሲዘዋወር ከርሞ ጉዞው ያበቃበት ቦታ ከተማ ተባለ። ከተመ ማለት ሠፈረ፣ አበቃ። አከተመ ማለት ነገሩ ዳር ደረሰ። ጠያቂዋም «አከተመለት» ሲባል የሰማችው ይህንኑ ነው። ማኅተምም ቁርአንም እዚህ ውስጥ የሉም። ዕድሜዬን ቅኔ ቤት የጨረስኩ ሰው ነኝ፤ በዚህ ላይ አልደራደርም።

ባለ ግስ፦
የኔታ፣ የዋሉበትን ቤት እግሩን እስማለሁ። ግን የእርስዎ አከተመ ተሳቢ አይቀበልም። «ነገሩ አከተመ» ይባላል፤ «ነገሩን አከተመው» የሚል ሰው አልሰማሁም። ልጅቱ ያለችው «አኽትሜዋለሁ» ነው። መጽሐፉ ተሳቢ ሆኖ ገብቷል። ስለዚህ ግሱ ሌላ ነው።

መሪጌታ ዘአምባሰል፦
ወሎ ስትደርስ ሰዋስው ይሰፋል ልጄ።

የጦሳ ልጅ፦
የኔታ፣ በአክብሮት ነው፣ ጆሮዎትን ልመን። የኛ ሽማግሌ ይህን ቃል ሲያወጣው ከጉሮሮ ነው። ኸ ነው። «ከተማ»ን ግን «ኸተማ» የሚል ሰው ተደሴ እስከ ወልድያ ሰምተው ያውቃሉ? እኔ አልሰማሁም። ሁለቱ ቃላት አንድ ቢሆኑ ኖሮ አፋችን ለምን ይለያቸዋል? ሸሆቻችን አማርኛን በዐረብኛ ፊደል፣ በዐጀሚ ሲጽፉ ኖረዋል። ሸህ ጦልሃ ቢን ጃዕፈር የአማርኛ መንዙማቸውን የጻፉት በዚያ ነው። ዐጀሚ የሚቀራ ሰው ኸን ከከ ጋር አያምታታም፤ ፊደሉ ለየብቻ ነው። የወሎን አማርኛ በአንድ ፊደል ብቻ ካነበባችሁት ግማሹ ይቀራችኋል። ይህን የምለው ለጠብ አይደለም፤ ስለሚያንገበግበኝ ነው።

ተራ ጠባቂ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ ብዙ ተማርኩ። ግን «አሳልፊው»ስ?

የሐይቅ ማዶ፦
ከዚያ በፊት «ዘልቀሽ»ን ዘላችሁት አለፋችሁ። የኔ እህት፣ ዋናው ቃል እሱ ነው። ይህ መጽሐፍ በኔም እጅ አልፏል፤ ከገለጻሽ ገመትኩት። ስለዚህ ልናገር።

ድጓ፣ የቤተ ክርስቲያኑ የዜማ መጽሐፍ፣ ዘለቀ ይባላል። ሐዲሳትን፣ የሐዲስ ኪዳን መጻሕፍትን፣ ዘለቀ ይባላል። ያ ሰው ድጓን ከፊት እስከ ኋላ ገልጧል ማለት ብቻ አይደለም። ገብቶበታል፣ ወርዶበታል፣ ማስተማር ይችላል ማለት ነው። ጓደኛሽ ስለራሷ «አኽትሜዋለሁ» አለች። ላንቺ ግን «ዘልቀሽ» ነው ያለችሽ። ለራሷ ትንሹን ወስዳ ላንቺ ትልቁን ሰጠች። እንዲህ ያለ ትሕትና የሐይቅ ሰው ጠባይ ነው።

ባቲ ገበያ ላይ ያለችውን እናት አንብበሻታል? ሰኞ ነው፣ ገበያው ሞልቷል። የመቀነቷን ቋጠሮ ትፈታለች። ብሩን በጣቷ እያለፈች ትቆጥራለች። ይጎድላል። አጠገቧ የቆመውን ልጇን ቀና ብላ አታየውም። መልሳ ትቋጥረዋለች፣ ከፊተኛው ይልቅ ጠበቅ አድርጋ። በመጀመሪያው ንባብ ይህ የገበያ ወሬ መስሎኝ አለፍኩት። መጽሐፉን ጨርሼ ስመለስበት ነው የገባኝ። ልጁ እንደሚሄድ ያን ጊዜ አውቃለች። የመሳፈሪያውን ገንዘብ እንደወሰደ አውቃ ዝም አለችው። ይህን ያየ ሰው ዘልቆታል። ያላየ አኽትሞታል።

ባለ ቦርከና፦
ኧረ እመቤት! እኔ ገና አልደረሰኝም እኮ። መጨረሻውን አወጣሽው።

የሐይቅ ማዶ፦
መጨረሻው እሱ አይደለም፤ አይዞህ። ልጁ መሄዱ ጀርባው ሽፋን ላይም ተጽፏል።

መሪጌታ ዘአምባሰል፦
ስለ ዘለቀ የተናገረችው እህት እውነት አላት። ግን አንድ ይጎድላል። ዘለቀ ጽናትም አለበት። «ይህ ነገር አይዘልቅም» እንላለን፤ አይቆይም ነው። ስለዚህ «ዘልቀሽ» ማለት መሃል ላይ ሳትተዪው፣ ቢከብድሽም ችለሽ ማለት ይሆናል። መጽሐፉ መሃሉ ላይ ይጎተታል ወይ?

የሐይቅ ማዶ፦
አይጎተትም! የወረባቦው ክፍል ረዘም ይላል እንጂ ማንም አያቆመውም። የኔታ፣ እርስዎ ያሉት ዘለቀ ሌላ ነው። የርስዎ ጊዜ ነው፣ የኔ ጥልቀት ነው።

መሪጌታ ዘአምባሰል፦
አንድ ነው። ወንዝ የሚሻገር ሰው ሁለቱንም ይፈልጋል።

ባለ ግስ፦
«ደገመ»ንም እንጨምር። ዳዊት ደገመ ስንል ሁለት ጊዜ አነበበ ማለታችን አይደለም። በመጀመሪያው ቀንም ቢሆን ደገመ ነው። ታዲያ አንድ ሰው «ያንን ልብ ወለድ ደገምኩት» ቢለኝ ምን ልረዳ? ደጋግሞ አነበበው ወይስ እንደ ዳዊት ጸለየው?

የጦሳ ልጅ፦
ልብ ወለድ አይጸለይም።

ባለ ቦርከና፦
አንዳንዱ ይጸለያል። ደግሞ «ልብ ወለድ» ካላችሁ፣ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ያሳተሙት መጽሐፍ ርእሱ ራሱ «ልብ ወለድ ታሪክ» ነበር። የዘርፉ ስም ከዚያ ቀረ። ልብ የወለደው ማለት ነው፤ ውሃ ወለድ በሽታ እንደምንለው። በግእዝ ልብ የሐሳብ ቤት ነው። ልባም ሰው ስንል አስተዋይ ማለታችን ነው እንጂ አፍቃሪ ማለታችን አይደለም። ስለዚህ ልብ ወለድ የስሜት ልጅ አይደለም፤ የማሰብ ልጅ ነው። ደራሲዎቻችን ይህን ቢያስታውሱ እወዳለሁ።

ተራ ጠባቂ፦
ይቅርታ፣ ደግሜ ልጠይቅ። እሑድ መጽሐፉን ይዤ ስሄድ ከኔ ቀጥሎ ያለችው ሴት እጇን ትዘረጋለች። ልስጣት ወይስ ባለቤቷ እስክትመጣ ላስቀምጠው?

ባለ ግስ፦
«አሳለፈ» የሚወጣው ኀለፈ ከሚለው ነው። ልብ በሉ፣ ይህም በብዙኃኑ ኀ ነው። ኀተመ አተመ እንደሆነው ሁሉ ኀለፈ አለፈ ሆነ። ባለ ቦርከና ያለው ሕግ እነሆ ሁለተኛ ምስክር አገኘ። ሁለቱም ግሶች በአንድ ገጽ ላይ፣ በአንዲት ልጅ እርሳስ! እንዲህ ያለ ማስረጃ በየቀኑ አይገኝም።

የጦሳ ልጅ፦
ዐረብኛውም ኸለፈ ነው፤ ተከተለ፣ ተተካ። ኸሊፋ የሚባለው ተዚያ ነው፤ ከፊተኛው ቀጥሎ የሚቆም። በኔ ስሌት «አሳልፊው» ማለት ካንቺ ቀጥሎ ለሚቆመው አድርሺው ነው።

ባለ ግስ፦
በግእዙ ግን ኀለፈ ሄደ፣ ተሻገረ ነው እንጂ ተተካ አይደለም። መልሶ ወደ ባለቤቱ ማሻገርም ማሳለፍ ነው። ከሥሩ ብቻ ተነስቶ አይፈረድም።

መሪጌታ ዘአምባሰል፦
ሥሩን ከነካችሁ «አሳለፈ» ላይ ያለው ሰ ከየት እንደመጣ ንገሩኝ። አለፈ፣ አሳለፈ። በግእዝ አኅለፈ ነው የሚባለው፤ ሰ የለበትም። ይህን ሳትፈቱ ስለ ኸሊፋ አታውሩ።

የጦሳ ልጅ፦
የኔታ፣ ሰው እኮ ለእሑድ መልስ እየጠበቀች ነው።

መሪጌታ ዘአምባሰል፦
እሑድ ሩቅ ነው። ሰው ሲበላ አሳየ፣ ሲያልፍ አሳለፈ፣ ሲያርፍ አሳረፈ። ይህን ሰ የሚያመጣው ምንድን ነው? ባለ ግስ፣ አንተ ነህ የምትመልስልኝ።

ባለ ግስ፦
አሳየ የመጣው ከ«አየ» ነው የኔታ፤ መብል የለበትም። ሁሉም በአ የሚጀምሩ ግሶች ናቸው። አየ፣ አለፈ፣ አረፈ፣ አደረ። አ በአ ላይ ሲመጣ አይያያዝም፤ ስለዚህ «አስ» ይገባል። አሳለፈ፣ አሳረፈ፣ አሳደረ። «አሳተመ»ም እንዲሁ ነው። እንግዲህ ማሳተምና ማሳለፍ አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰዋል።

ባለ ቦርከና፦
የኔ እህት፣ እነሱ ይቀጥሉ። ዓርብ ከኮምቦልቻ ደሴ እወጣለሁ። የሴቶቹ ዙር ወንድ የሚቀበል ከሆነ ስሜን ከመጨረሻዋ ቀጥሎ ጻፊልኝ። የባቲዋን እናት ራሴ ላያት እፈልጋለሁ።