ተኝቶ መዳን ይቅር ወይስ ይቀጥል?

ጌም ማስተሩ፦
ሰላም ሰላም። ሐዋሳ ያላችሁም፣ ለሥራ የወጣችሁም፣ ከቅዳሜ በፊት አንድ ነገር እንጨርስ። የምንጫወተው በፈረንጆቹ 2014 የወጣውን የደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ አምስተኛ እትም ነው፤ እኔ ታሪኩን እተርካለሁ፣ እናንተ ጦረኛ፣ አስማተኛ ደብተራ፣ ሌባ፣ ቄስ እየሆናችሁ ዳይስ ትጥላላችሁ። በመጽሐፉ ሕግ 8 ሰዓት ያረፈ ሰው ላይፉ፣ በተመታ ቁጥር የሚቀንሰው ነጥብ፣ ሙሉ ይመለሳል። 1 ብቻ ቀርቶት የተኛውም ጠዋት ሙሉ ሆኖ ይነሳል። ባለፈው ጦረኛችን በዚያ ግዙፍ ዱላ ሦስት ጊዜ ተዘረረ። ማታ ተኛ። ጠዋት ላይ የታቦርን ዳገት ለስፖርት እንደሚወጣ ሰው ገደሉን ሲወጣ ነበር። ስለዚህ የቤት ሕግ፣ ከመጽሐፉ ውጪ የራሳችን የሆነ ሕግ፣ አምጥቻለሁ። ላይፉ ዜሮ የገባ ሁሉ የጉዳት ሠንጠረዥ ላይ ዳይስ ይጥላል። እግር፣ እጅ፣ ዓይን፣ የጎድን አጥንት። አንድ ሳምንት ሙሉ ካላረፈ አይለቀውም። ምን ትላላችሁ?

ጦረኛው፦
ሕጉ በስሜ ነው እንዴ የወጣው? ፊት የምቆመው እኔ ነኝ። ደብተራው ከኋላ ሆኖ እሳት ይወረውራል፣ እሱን ማን ይነካዋል? ዳይሱን የምጥለው እኔ፣ የማነክሰውም እኔ። ሁለት ወር እንዲህ ከቀጠልን አንድ ዓይንና አንድ እጅ ይቀሩኛል። ከዚያ አዲስ ካራክተር እሠራለሁ፣ ቀስተኛ። እሱም ከኋላ ይቆማል። ያኔ ፊት ማን እንደሚቆም እናያለን።

ደብተራው፦
ነገሩን ከሥሩ እንየው። ጌሙ በፈረንጆቹ 1974 ሲወጣ ከፈጠሩት ሁለት ሰዎች አንዱ ዴቭ አርነሰን ነው። የላይፍ ነጥብን የወሰደው ከመርከብ ጦርነት ጨዋታ ሕግ ነው። ተጫዋቾቹ ካራክተራቸው በአንድ ምት ሲሞትባቸው አልወደዱትም። መርከብ ደግሞ በአንድ ጥይት አይሰምጥም። ሁለተኛው፣ ጋሪ ጋይጋክስ፣ በ1979 ባወጣው መመሪያ ነጥቡ ሥጋ ብቻ እንዳልሆነ ጽፏል። ችሎታም ዕድልም አለበት። ስለዚህ 60 ላይፍ ያለው ጦረኛ ጎራዴ ስልሳ ጊዜ የሚሰካበት ሰው አይደለም። ምቱን ለጥቂት የሚያመልጥ ሰው ነው። ተኝቶ የሚመለስለት ትንፋሹ ነው። ጥፋቱ የጌም ማስተሩ ነው፤ በየምቱ «ጎንህን ሰነጠቀው» እያለ ይተርካል። «ለጥቂት ሳተህ፣ ጉልበትህ ግን ከዳህ» ቢል ኖሮ ጠዋት መነሳቱ ማንንም አይገርምም ነበር።

ሲስተር፦
ደብተራው ልክ ነው፣ እስከ ዜሮ ድረስ። ዜሮ ላይ ግን ሰውየው ራሱን ስቶ ወድቋል። እዚያ ዕድል ምናምን አይሠራም። ሠንጠረዡን ግን አልደግፍም። ሳምንቱን ሙሉ ስብራት ሳይ ነው የምውለው። ክንድ እንኳ እስኪገጥም ስድስት ሳምንት ገደማ ይፈልጋል። የጭን አጥንት ወራት ይፈጃል። «አንድ ሳምንት» ስትሉ የጨመራችሁት ቅጣት እንጂ እውነታ አይደለም። ጉዳት የግድ ካስፈለገ ታሪክ ይሁን። እግሩ ተሰበረ እንበል። ቀጣዩ መንደር ገብተን ወጌሻ እንፈልግ። ወጌሻው በቀርከሃ ጥብቅ አድርጎ ይሰረው። በማግስቱ ጣቶቹ ይቀዝቅዙ፣ መጥቆር ይጀምሩ። ደም እየደረሰ አይደለም ማለት ነው። እኔ ይፈታ እላለሁ፣ ወጌሻው አይነካም ይላል፣ በሽተኛው ራሱ ወጌሻውን ይደግፋል። ይህን በዓይኔ የማየው ነገር ነው። አንድ ሙሉ ቅዳሜ ያጫውተናል፣ ያለ ምንም ሠንጠረዥ።

ሌባዋ፦
እኔ በ1978 የወጣውን ሩንኩዌስት የሚባል ሌላ ጌም ሞክሬዋለሁ። እዚያ እያንዳንዱ እጅና እግር የራሱ ላይፍ አለው። ወረቀት ላይ ያምራል። ሲጫወቱት ግን መብራት ሄዶ ሲመለስ እኛ ገና የአንዱን ሽፍታ ግራ እግር እያሰላን ነበር። ይቅርብኝ።

ቄሱ፦
ሁላችሁም ዋናውን ነገር ዘላችሁታል። ፈዋሹ እኔ ነኝ። ሰው ሳይወድቅ ለምን አላክምም? ስለማያዋጣ ነው። 1 ላይፍ የቀረው ጦረኛ 60 ካለው ጦረኛ እኩል ይመታል። ስለዚህ እስኪወድቅ እጠብቃለሁ። ሲወድቅ ያቺን አጭር የፈውስ ቃል ከ60 ጫማ ርቀት ጣል አደርግበታለሁ። በተራዬ የምሠራበትን ዋናውን ተግባሬን አትበላብኝም። አምስት ስድስት ላይፍ ይዞ ይነሳል፣ ይመታል፣ ይወድቃል። አሁንም አነሳዋለሁ። የሞት ዳይስ የሚባለውን አስታወሳችሁት? ላይፉ ዜሮ ገብቶ የወደቀ ሰው ባለ 20 ፊቱን ዳይስ ይጥላል፤ 10 እና ከዚያ በላይ ወደ መትረፍ፣ ከ10 በታች ወደ ሞት፣ ቀድሞ ሦስት የሞላው ይወስናል። እኛ ጠረጴዛ ላይ የሚጥለው ሰው የለም፣ እኔ ቀድሜ ስለማነሳው። እንቅልፉን ለምን ትከሳላችሁ? መውደቅ ነው ነፃ የሆነው።
እኔ የምለው፣ ወድቆ የተነሳ ሁሉ አንድ ደረጃ ድካም ይያዝ። ድካም መጽሐፉ ውስጥ ያለ ነው፣ ስድስት ደረጃ አለው። ሁለተኛው ላይ ፍጥነትህ በግማሽ ይቀንሳል። ሦስተኛው ምትህን ያበላሻል። ስድስተኛው ሞት ነው። በልቶ ጠጥቶ አንድ ሌሊት ያደረ ሰው የሚቀንስለት አንድ ደረጃ ብቻ ነው። ሦስቴ የወደቀ ሦስት ሌሊት ይፈልጋል።

ጌም ማስተሩ፦
ይሄ ሳይሻል አይቀርም። የአምስተኛው እትም መመሪያ ውስጥ ሌላም አማራጭ አለ። አጭሩ ዕረፍት 8 ሰዓት፣ ረጅሙ፣ ላይፍን ሙሉ የሚመልሰው፣ 7 ቀን ይሆናል። እሱስ?

ደብተራው፦
7 ቀን?! አስማቴ የሚመለሰው በረጅሙ ዕረፍት እኮ ነው። ሁለት እሳት ወርውሬ ሳምንቱን በዱላ ልዙር?

ጦረኛው፦
አሁን ከሥሩ አየኸው? 😂 እኔ የቄሱን እደግፋለሁ፣ ግን በነፃ አይደለም። ላይፌ ከሩብ በታች ሲወርድ እጮሃለሁ። ቄሱ ሳልወድቅ ያክመኛል። ደብተራውም ጠባብ በር ሲያጋጥመን አንድ ዙር ፊት ይቆማል።

ቄሱ፦
የኔን ተስማምቻለሁ።

ጌም ማስተሩ፦
በቃ፣ ሠንጠረዡ ቀረ። ድካሙን ቅዳሜ እንጀምራለን። ወጌሻውን የምትጫወተው ሲስተር ናት።

ደብተራው፦
ጠባብ በር ማለት ስንት ጫማ ነው?