የእንጅባራ አረንጓዴ ጓልና የክሮሚየምና የኒኬል ክምችት ምን ያገናኛቸዋል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንጅባራ

ጤና ይስጥልኝ። በከተማችን ዙሪያ ያለው ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በመዶሻ ሲፈለጥ፣ አልፎ አልፎ ቅንጣቶቹ በጣት ሲታሹ የሚረግፉ አረንጓዴ ጓል ከውስጡ ይወጣል። ጓሉ ከማንትል (ከምድር ቅርፊት በታች ካለው ወፍራም የአለት ንብርብር) የመጣ እንደሆነ፣ ክሮሚየምና ኒኬልም ከማንትል አለቶች ጋር የተቆራኙ እንደሆኑ አንብቤአለሁ። ታዲያ ጎጃም ከማንትል በወጣ ባዛልት (በጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ተሸፍኖ ሳለ፣ የእነዚህ ማዕድናት ክምችት ስለ ምን በሌላ አገር ብቻ ይነገራል? ተማሪዎቼ ይጠይቁኛልና በቅጡ ልመልስላቸው እፈልጋለሁ።

መልስ፦ የሥነ ምድር ባለሙያ፣ ባሕር ዳር

መምህር፣ ማንትሉ ራሱና ከማንትሉ ቀልጦ የወጣው ነገር ሊለዩ ይገባል። ማንትል በአመዛኙ ፔሪዶታይት የተባለ አለት ሲሆን 0.2 በመቶ ገደማ ኒኬል አለው፤ የአህጉር ቅርፊት ግን በአማካይ ከ0.01 በመቶ በታች ነው። ነገር ግን ማንትል የሚቀልጠው በከፊል ስለሆነ፣ ኒኬሉ ኦሊቪን የተባለውን የአለቱን ማዕድን፣ ክሮሚየሙም ስፒኔልና ፓይሮክሲን የተባሉትን ማዕድናት የሙጥኝ ብለው አብዛኞቹ እዚያው ይቀራሉ። ስለዚህ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ደጋውን ያለበሰው ባዛልትም ሆነ ከዚያ በኋላ የተገነባው የጮቄ ተራራ ከሁለቱ ብረቶች የወረሱት ጥቂት ነው።

እርስዎ ያዩት ጓል ግን ሳይቀልጥ በላቫ ተነጥቆ የወጣ የማንትል ስባሪ ነው። ልብ ብለው ሲያዩት ከወይራማው ኦሊቪን መካከል ደማቅ አረንጓዴ የፓይሮክሲን ቅንጣቶች ያገኛሉ፤ ያን ቀለም የሰጣቸው ክሮሚየም ነው። ይህ ማለት ግን ጓሉ ተቆፍሮ የሚያዋጣ ማዕድን ነው ማለት አይደለም።

ክሮሚየም የሚመረተው ክሮማይት ከተባለው ማዕድን ብቻ ነው፤ እሱም በሁለት መንገድ ይከማቻል። በደቡብ አፍሪካው ቡሽቬልድ፣ ከ2 ቢሊዮን ዓመት በፊት ወደ ቅርፊት የገባ ከፍተኛ መጠን ያለው ቅልጥ አለት ቀስ ብሎ ሲበርድ ክሮማይቱ በንጣፍ በንጣፍ ተደረደረ። በቱርክ፣ በኦማንና በአልባኒያ ደግሞ ከውቅያኖስ ወለል በታች የነበረ ማንትል ተገፍቶ የብስ ላይ ወጥቷል፤ ክሮማይቱም ቅልጥ አለት ባለፈባቸው መስመሮች በጓል በጓል ተቋጥሮ ይገኛል።

ተጨማሪ ጥያቄ፦ ተማሪ፣ ደብረ ማርቆስ

በሳይቤሪያ ኖሪልስክ ትልቁ የኒኬል ክምችት ከባዛልት ጋር የተያያዘ ነው፤ ድኙም ከጂፕሰም መሰል ደለል አለቶች እንደ መጣ ይነገራል። ከደጀን ወደ ዓባይ ሲወረድም ከባዛልቱ በታች ጂፕሰም አለ። ታዲያ የእኛ በምን ይለያል?

መልስ፦ የሥነ ምድር ባለሙያ፣ ባሕር ዳር

ወንድሜ፣ ጂፕሰም መኖሩ ብቻውን አይበቃም። ድኝ የበዛበት ቅልጥ አለት የሰልፋይድ (ድኝ ከብረት ጋር የተዋሐደበት) ጠብታ ያበጃል፤ ጠብታው ኒኬልን አጥብቆ ይስባል፣ ከብዶም ወደ ታች ይሰፍራል። ጠብታው በኒኬል ሀብታም የሚሆነው ግን ብዙ ትኩስ ቅልጥ አለት በአንድ መተላለፊያ ደጋግሞ ሲያጥበው ነው። ከዚያም በላይ፣ ቅልጡ ወደ ላይ ሳይወጣ ኦሊቪኑን በጥልቁ ቅርፊት ጥሎ ከሆነ ኒኬሉም አብሮ ቀርቷል፤ ከደጋችን ባዛልት አብዛኛው ደግሞ ማግኒዚየሙ አነስተኛ ስለሆነ በዚህ መንገድ ያለፈ ነው።

በአገራችን ኒኬል የሚታወቀው ከባዛልቱ እጅግ ቀድመው በተፈጠሩት፣ በደቡብ ኢትዮጵያ በሚገኙት የአዶላ አልትራማፊክ (ማግኒዚየምና ብረት የበዛባቸው) አለቶች ላይ ነው፤ እዚያ ዝናብና ሙቀት ማግኒዚየሙን አጥበው ሲወስዱት ኒኬሉ በቀይ አፈሩ ውስጥ ቀርቶ ይከማቻል። የኒው ካሌዶኒያና የኢንዶኔዥያ ታላላቅ ክምችቶችም የተፈጠሩት በዚሁ መንገድ ነው።