ልዩነታችን «የባህል ብቻ» ነው ወይ?

ሽምብጥ፦ ትናንት ማታ ሬዲዮ ላይ አንዱ ምሁር ነኝ ባይ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ኦርቶዶክስ፣ ካቶሊክ፣ ፕሮቴስታንት ልዩነታቸው የባህል ብቻ ነው።» እራቴ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። የባህል ብቻ ከሆነ ካቶሊክ የሆነው አፄ ሱስንዮስ ዙፋኑን የለቀቀው በከበሮ ተጣልቶ ነው?

ዘጌ ቡና፦ እራትህ ምን ነበር?

ሽምብጥ፦ ቁም ነገር ላይ ነን።

ቀበሌ 14፦ ጴንጤ መሆኔን ታውቃላችሁ፣ ስለዚህ ስድቡን ቀድሜ ተቀብያለሁ። ሰውየው ግን ግማሹን እውነት ነው የተናገረው። ሥላሴን እናምናለን፣ እናንተም ታምናላችሁ። በፈረንጆቹ የ325ቱ የኒቅያ ጉባኤ የሁላችንም ነው። የቀረው ነጠላ ማጣፋት፣ ጫማ ማውለቅ፣ ከበሮና ጸናጽል ነው።

የሰንበት ተማሪ፦ «የቀረው» አልክ ወንድሜ? በፈረንጆቹ 451 በኬልቄዶን ጉባኤ ላይ የተለያዩት በነጠላ አይደለም። ጉባኤውን የተቀበሉት ክርስቶስ ሁለት ባሕርይ አለው አሉ፣ እኛ በተዋሕዶ አንድ ባሕርይ እንላለን። ግብፅ፣ ሶርያ፣ አርመንና ሕንድ ከእኛ ጋር ናቸው። አርመኖች ነጠላ አጣፍተው አያውቁም፣ ግን በሃይማኖት ወንድሞቻችን ናቸው። ሩሲያና ግሪክ ደግሞ ኦርቶዶክስ ቢባሉም የኬልቄዶን ወገን ስለሆኑ አብረን አንቆርብም። ባህሉ የቱ ጋ ነው?

ግዕዝ ካቶሊክ፦ እኔም ልግባ። ካቶሊክ ነኝ። ቅዳሴያችን በግዕዝ ነው፣ እንጾማለን። ከእናንተ የሚለየኝ ባህሉ ሳይሆን የሮሙ ጳጳስና ይኸው ኬልቄዶን ነው። ሰውየው ነገሩን ገልብጦታል። በነገራችን ላይ የሮሙ ጳውሎስ ስድስተኛና የግብፁ አቡነ ሺኖዳ በፈረንጆቹ 1973 ስለ ክርስቶስ የጋራ መግለጫ ፈርመዋል።

የሰንበት ተማሪ፦ እዚያ ላይ የኛ ፊርማ የለበትም።

ሽምብጥ፦ እሱን በሱስንዮስ ዘመን ለመጣው ካቶሊክ ፓትርያርክ ለአልፎንሶ ሜንዴዝ ንገረው! ሕዝቡን እንደገና ተጠመቁ፣ ካህናቱን ክህነታችሁ አይሠራም፣ አብያተ ክርስቲያናቱን እንደገና ይባረኩ ያለው ማን ነው? ጎርጎራ ሄደህ የካቶሊኮቹን ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ እየው። ያ ሁሉ ደም ፈስሶ በ1624 ዓ.ም. ንጉሡ ራሱ አዋጅ አስነግሮ የአባቶቻችንን ሃይማኖት መለሰ፣ መንግሥቱንም ለልጁ ለፋሲል ለቀቀ።

ግዕዝ ካቶሊክ፦ ሜንዴዝን ማን ደገፈው? ከእሱ በፊት የመጣው ሚሲዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ ቀስ ብሎ ሄዶ ንጉሡን አሳመነ። ሜንዴዝ መጥቶ ግዝረቱን፣ የቅዳሜ ሰንበቱን፣ የቀን አቆጣጠሩን ሲነካ ነገሩ ሁሉ ፈረሰ። ባህላችሁን ባይነካ ኖሮ...

የሰንበት ተማሪ፦ ልብ በሉ፣ አሁን ደግሞ ካቶሊኩ «ባህል» እያለ ነው።

ዘጌ ቡና፦ ኧረ ሰውየው ተከታይ እያፈራ ነው።

ቀበሌ 14፦ የፕሮቴስታንቶቹን አባት ሉተርን ማን ያነሣል? በፈረንጆቹ 1534 ዊተንበርግ ላይ ከኢትዮጵያዊው ዲያቆን ሚካኤል ጋር ተወያይቶ እምነታችን ይስማማል ብሏል። የተጻፈ ነገር ነው።

ሽምብጥ፦ እና ለአንድ ዲያቆን ደግ ቃል ስለተጻፈለት ታቦታችንን እናውጣልህ? ሉተር ራሱ ሕፃናትን ያጠምቅ ነበር። መካነ ኢየሱስም ዛሬ ታጠምቃለች። ሙሉ ወንጌል ግን አድገህ፣ አምነህ ካልመጣህ አያጠምቁህም። መጀመሪያ እርስ በርሳችሁ ተስማሙ፣ ከዚያ እኛን አስታርቁ። የኛ ወንድ በ40 ቀኑ፣ ሴቷ በ80 ቀኗ፣ አለቀ።

ቀበሌ 14፦ እርስ በርስ ካልክማ ቦሩ ሜዳ በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ ፊት የተከራከሩት ጴንጤዎች ነበሩ? ስለ ክርስቶስ ባስተማራችሁት ተለያይታችሁ ካራ፣ ጸጋ፣ ቅባት ስትባባሉ የኖራችሁት እናንተ ናችሁ።

ዘጌ ቡና፦ አንተ ልጅ፣ የቅባት አገር ጎጃም ተቀምጠህ ቅባት ታነሣለህ? በሰላም ማደር አትፈልግም መሰለኝ።

የሰንበት ተማሪ፦ ያነሣው እኔን ነው የሚረዳኝ። ለባህል ማን ጉባኤ ይጠራል? ንጉሥ ፊት ቆመው የተከራከሩት ክርስቶስ ማን እንደሆነ ነው።

የጣና ልጅ፦ ሁላችሁም ጥሩ ታወራላችሁ። ግን በጾም ሐይቁ ዳር አሳ ቤት ወንበር የማይገኘው ለምንድነው? ጉላሹን የሚያዘው ጴንጤ ብቻ ነው? ባለፈው ዓርብ ስሄድ አምባዛውም አልቆ ነበር፣ ቆሮሶውም። አጠገቤ የተቀመጠው ሰው አንገቱ ላይ ማተብ ነበረ።

ሽምብጥ፦ ዓርብ ቀን አንተ እዚያ ምን ትሠራ ነበር?

የሰንበት ተማሪ፦ በሥርዓታችን በጾም አሳ አይበላም። ግብፆች በነቢያት ጾም ይበላሉ፣ በዐቢይ ጾምና በረቡዕ ዓርብ ግን አይበሉም። ሃይማኖቱ አንድ ሆኖ...

ቀበሌ 14፦ በይ ጨርሺው እህቴ። ሃይማኖቱ አንድ ሆኖ ምኑ ነው የተለያየው? ባ...

የሰንበት ተማሪ፦ ሥርዓቱ! አፌ ውስጥ ቃል አትክተት።

ሽምብጥ፦ አንቺም ለዚህ ሰው መንገድ እየከፈትሽለት ነው። አሳ አይበላም ብለሽ ማቆም አይቻልም?

የሰንበት ተማሪ፦ እኔ የማውቀውን ነው የተናገርኩት። ግብፅን ከወንድሞቻችን ዝርዝር ልሰርዝ?

ዘጌ ቡና፦ ነገ ረቡዕ ነው። ጴንጤው አሳ ይጋብዘኝ ይሆን?

ቀበሌ 14፦ እኛም እንጾማለን እኮ። ዝም ብለን ነው እንጂ።

ሽምብጥ፦ ዓርብ አሳ የሚበላ ሰው ስለ ኬልቄዶን አያስተምረኝም።

የጣና ልጅ፦ እኔ ስለ ኬልቄዶን አንድ ቃል ተነፈስኩ? ስለ ወንበር ነው ያወራሁት።