ታሪካዊ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ፦ ከዛሬ ወደ የካቲት 1888 የምትሄድ ባለታሪክ፣ ቀኑ፣ ጓዙና የጊዜው ሕግ

ቀያሽ88

ሰላም ለሁላችሁ። የልብ ወለዱ ባለታሪክ የዛሬ ዘመን የመሬት ቀያሽ ናት። ጉዞዋ የታቀደ ነው፤ የተፈቀደላት ጓዝ ግን 15 ኪሎ ብቻ ነው። አድዋ አጠገብ የምትደርሰው የካቲት 19 ቀን 1888፣ ከጦርነቱ 4 ቀን ቀደም ብላ ነው። ሦስት ነገር አስቸግሯል።

አንደኛ፣ የስልክ ቀን መቀየሪያው የካቲት 23ን ማርች 2 ይለዋል፤ የጦርነቱ ቀን በአውሮፓ መጻሕፍት ግን ማርች 1 ቀን 1896 ነው። የቱን ልያዝ?

ሁለተኛ፣ እስካሁን ያሸከምኳት ስልክ፣ 20 ዋት የሶላር ሰሌዳ፣ ጂፒኤስ፣ ጥቂት መድኃኒትና ገንዘብ ነው። ምኑ ይሠራል፣ ምኑ አይሠራም?

ሦስተኛው ዋናው ነው። ጣሊያኖቹ በሌሊት እንደሚነሡ ታውቃለች። ለእነ ምኒልክ ትንገር ወይስ ዝም ትበል? ብትናገር ታሪኩ ይበላሻል፤ ዝም ካለች ደግሞ ምን ልትሠራ ሄደች?

ባሕረ_ሐሳብ

ማርች 1 ብለሽ ጻፊ። መቀየሪያው የሳተው የዛሬውን ልዩነት ወደ ኋላ ጎትቶ ስለተጠቀመ ነው። በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜን በየ4 ዓመቱ ያለማቋረጥ 6 ትሆናለች። የአውሮፓው 1900 ግን ፌብሩዋሪ 29 ሳይኖረው አለፈ። ስለዚህ ከዚያ በፊት የነበረው ልዩነት ከዛሬው በአንድ ቀን ያንሳል፤ እንቁጣጣሽም በሴፕቴምበር 10፣ ጳጉሜን 6 በሆነች ማግሥት ደግሞ በ11 ይውል ነበር። 1887 ዘመነ ሉቃስ (ጳጉሜን 6 የምትሆንበት ዓመት) ስለነበር መስከረም 1 ቀን 1888 የዋለው ሴፕቴምበር 11 ቀን 1895 ነው። ከዚያ 172 ቀን ቁጠሪ፤ ማርች 1 ላይ ትደርሻለሽ። ዛሬ በዓሉ ማርች 2 ላይ መዋሉም ከዚሁ የመጣ ነው።

ቀኑ ከተያዘ ሌላውን ሁሉ ባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያን የአጽዋማትና የበዓላት ስሌት፣ ይሰጥሻል። 5500 ሲደመር 1888፣ 7388 ዓመተ ዓለም። ለ4 ሲካፈል ቀሪ የለውም፤ ዘመኑ ዮሐንስ ነው። መጠነ ራብዒቱ፣ ማለትም የዚህ ማካፈል ውጤት፣ 1847 ነው፤ ከ7388 ጋር ሲደመር 9235፤ ለ7 ሲካፈል 2 ይተርፋል፤ ቆጠራው ከማክሰኞ ስለሚጀምር መስከረም 1 ረቡዕ ዋለ ማለት ነው። 7388 ለ19 ሲካፈል 16 ይተርፋል፤ አንድ ሲቀነስ ወንበር 15። 15 በ19 ሲባዛ 285፣ በ30 ሲገደፍ (ለ30 ተካፍሎ ቀሪው ሲያዝ) መጥቅዕ 15። ከ14 ስለሚበልጥ በዓለ መጥቅዕ መስከረም 15 ላይ ይውላል፤ ዕለቱ ረቡዕ፣ ለዕለቱ የሚደመረው ተውሳክ 4፤ ድምሩ፣ መባጃ ሐመር፣ 19። እንግዲህ ጾመ ነነዌ ጥር 19፣ ዐቢይ ጾም የካቲት 3፣ ትንሣኤ መጋቢት 28።

ይህ ለትዕይንቶችሽ ብዙ ትርጉም አለው። ባለታሪክሽ የምትደርሰው በጾም ረቡዕ ነው። የካቲት 23 እሑድ፣ መፃጉዕ (የዐቢይ ጾም አራተኛው እሑድ) ነው፤ በየወሩ በ23 የሚታሰበው የቅዱስ ጊዮርጊስም ዕለት ነው። እሑድ በመሆኑ ሰዓት አይጠበቅም፣ ሥጋ፣ ቅቤ፣ ወተትና እንቁላል ግን አይነካም። በዋዜማው ድንኳን ውስጥ ቅቤ የገባበት ወጥ ካቀረብሽ አንባቢው መጽሐፉን ይዘጋዋል። በሶ፣ ቆሎ፣ ሽሮ፣ ተልባ ስጪያቸው፤ እሱንም በቁጥቁጥ፣ ምክንያቱም ሠራዊቱ ከወራት ጉዞ በኋላ ስንቁ እያለቀበት ነበር።

ጨረቃዋ የሞላችው የካቲት 21 ማታ ነው። ስለዚህ ጣሊያኖቹ የተጓዙባት ሌሊት ከሞላች አንድ ቀን ያለፋት ጨረቃ ያለባት ናት። «ድቅድቅ ጨለማ» የሚል ዐረፍተ ነገር ካለሽ አውጪው። ጸሐይን በተመለከተ ደግሞ የስልኳ ሰዓት ከአድዋ የፀሐይ ሰዓት በ25 ደቂቃ ገደማ ይቀድማል፤ በስልኩ ፀሐይ የምትወጣው ከንጋቱ 12፡40 አካባቢ ነው። ያኔ ወጥ የሆነ ሀገራዊ ሰዓት ስላልነበረ ሰዎቹ ጊዜውን በዶሮ ጩኸትና በጥላ ይናገሩ።

ጠገራ_ብር

ስለ ጓዙ። ጂፒኤሱን አስቀምጪው። ሳተላይት በሌለበት ሰማይ ስር የሞተ ዕቃ ነው፤ ስልኩም ላይ ካርታውን ትከፍተዋለች እንጂ ያለችበትን ነጥብ አያሳያትም። ቀያሽ ናትና ኮምፓስ፣ ሜትርና የማዕዘን መለኪያ ይበቃታል። ሶላሩ ይሠራል። የካቲት ደረቅ ወር ነው፣ ፀሐይ አያጥራትም፤ ችግሩ የሚያብረቀርቅ ጥቁር ሰሌዳ በሰው መሀል የምትዘረጋበት ቦታ ማግኘቱ ነው።

ገንዘቡ የማርያ ቴሬዛ ብር ይሁን፤ ለጊዜ ተጓዥ ከዚህ የተሻለ ገንዘብ የለም። ሳንቲሙ ዛሬም በቪየና ይመታል፤ ላዩ ላይ ያለው ዓመት ግን ሁልጊዜ 1780 ነው። ከዛሬ ሱቅ ገዝታ ብትሄድ ዓመቱ አያጋልጣትም። አንዱ 28.07 ግራም ይመዝናል፤ 200 ብር 5.6 ኪሎ ነው፣ ከ15ቱ ኪሎ ከሲሶ በላይ። ነጋዴው የንግሥቲቱን ዘውድና የትከሻዋን ጌጥ ነጥቦች ቆጥሮ ነው የሚቀበላት፤ አዲስና የሚያበራ ብር ያጠራጥረዋል፣ ስለዚህ አስቀድማ በአመድና በቆዳ ታሻሸው። ለዕለት ገበያ ግን አንድ ብር ትልቅ ነው፣ መልስ የለውም። ቶሎ ወደ አሞሌ ጨው ትመንዝረው። ፍሽንግም (የጠመንጃ ጥይት) እንደ ገንዘብ ይሠራ ነበር።

መድኃኒት ስታስቢ ፈንጣጣን አትርሺ። በሽታው በዓለም ላይ የጠፋው በ1970ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ስለሆነ ከዚያ ወዲህ የተወለደ ሰው በአብዛኛው አልተከተበም። ባለታሪክሽ 30 ዓመቷ ከሆነ መከላከያ አይኖራትም፤ ወይ ከመሄዷ በፊት ትከተብ፣ ወይ ይህ የታሪኩ አደጋ ይሁን። በተቃራኒው እሷም የዛሬን ጉንፋን ይዛ ወደ ሰፈሩ ልትገባ ትችላለች፤ ከጉዞ በፊት ሁለት ሳምንት ተለይታ ትቆይ።

ከሁሉ በላይ ግን የሚያጋልጣት ዕቃዋ አይደለም። «የማን ሰው ነሽ? ጌታሽ ማነው?» የሚለው ጥያቄ ነው። ሰፈሩ በየመኳንንቱ የተከፈለ ነው፤ ጌታ የሌለው እንግዳ ሰላይ ነው። ሴት መሆኗ እዚህ ላይ ይጠቅማታል። ስንቅ የሚያዘጋጁ፣ እህል የሚፈጩ፣ ውኃ የሚቀዱ ብዙ ሴቶች ከሠራዊቱ ጋር ዘምተዋል፤ እቴጌ ጣይቱም ሴቶቹን አሰልፈው ለተዋጊው ውኃ አድርሰዋል። እንስራ አዝላ ከእነሱ መሀል ትግባ። እንስራ አዝላ ቁልቁለት መውረድ ግን በአንድ ቀን አይለመድም፤ የመጀመሪያው ይሰበርባት።

ኅዳግ

ወደ ሦስተኛው ጥያቄ ልምጣ። እባክሽ ለምኒልክ አትንገር። ሰፈሩ የራሱ ሰላዮች ነበሩት፤ ባሻ አውአሎምን የመሰሉ ሰዎች የጣሊያንን ነገር ከውስጥ ያውቁ ነበር። ከዛሬ የመጣች ሴት «ይመጣሉ» ብላ ካዳነቻቸው የእነዚያን ሰዎች ሥራ ነጥቀሽ ለማሽን ሰጠሽው ማለት ነው። በጊዜ ጉዞ የሚጻፍ የአድዋ ታሪክ ትልቁ ውድቀት ይህ ነው፤ ድሉ ከተዋጊው እጅ መውጣት የለበትም።

ሙያዋን የሚነካ ነገር ግን ፊትሽ ተቀምጧል። የጣሊያኖቹ ንድፍ ካርታ ኪዳነ ምሕረት የሚለውን ስም ያለቦታው አስቀምጦት ነበር። ጄኔራል አልቤርቶኔ መንገድ መሪዎቹ ወደ ነገሩት ትክክለኛው ኪዳነ ምሕረት ሲገሰግስ ከሌሎቹ ጓዶች ርቆ ለብቻው ቀረ። ለቀያሽ ይህ የሚያንገበግብ ስሕተት ነው። ልታርመው ትችላለች፣ ዕውቀቱ አላት፣ ግን እጇን ትሰበስባለች። የልብ ወለድሽ ፈተና እዚህ ላይ ነው። ስሕተቱን እሷ ፈጠረችው ግን አትበይ፤ ያም መልሶ ድሉን መንጠቅ ነው።

የጊዜ ጉዞውን ሕግ ከምዕራፍ አንድ በፊት ወስኚ። ያለፈው አይለወጥም ካልሽ የምታደርገው ሁሉ ቀድሞም ተደርጎ ነበር፤ ስለዚህ ከመጨረሻው ምዕራፍ ወደ ኋላ ማቀድ ይኖርብሻል። ጊዜ ቅርንጫፍ ያወጣል ካልሽ መጻፉ ይቀላል፣ ነገር ግን የተወችው ዓለም ምንም ስለማይነካው የአንባቢው ጭንቀት ይላላል። ያለፈው ይለወጣል ካልሽ ደግሞ የቀድሞውን ማን እንደሚያስታውስ ወስኚ፤ ብዙ ረቂቅ የሚፈርሰው እዚህ ነው። ለዚህ ታሪክ የመጀመሪያው ይሻላል።

ቀያሽ88

እግዜር ይስጥልኝ። የማይለወጠውን መረጥኩ። ለዛሬዎቹ መልእክት መተው አለባት፤ ስልኩን በብረት ሣጥን ብትቀብረውስ?

ኅዳግ

አይሆንም። ሚሞሪው ኤሌክትሪክ ሳያገኝ 130 ዓመት አይዝም፤ ባትሪውም ያብጣል፣ ያፈሳል። ብራና ግን ይቆያል። በወንጌል ባዶ ገጾችና ኅዳጎች ላይ የርስት ጉልት ውሎችን መጻፍ የቆየ ልማድ ስለሆነ አንዲት ተጨማሪ ጽሑፍ አታጠራጥርም። ከፍየል ቆዳ የተፋቀ ብራና፣ ከጥላሸት የተዘጋጀ ቀለም፣ የመቃ ብዕር። ቃላቱን በባዶ ቦታ ሳይሆን በሁለት ነጥብ (፡) ትለያይ፤ የጥያቄ ምልክት አትጠቀም። ቁጥሩን ፲፰፻፹፰ ብላ ዘመነ ዮሐንስን ትጨምር። «ይድረስ ከ» ብላ ትጀምር። «ኅብረተሰብ»ን ወይም «ቴክኖሎጂ»ን ካስገባች የሚያውቅ ሰው መልእክቱ ሐሰተኛ መሆኑን ወዲያው ይለየዋል። እሷ ራሷ ግን አንድ የዛሬ ቃል ሆን ብላ ትደብቅበት፤ ዛሬ ያለው ጓደኛዋ የሚለያት በዚያ ነው።

ባሕረ_ሐሳብ

በዚህ ላይ አንድ ልጨምር። በተረፈ ኤርምያስ ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ 66 ዓመት ተኝቶ ሲነቃ ዘመን ማለፉን አላመነም፤ በመሶቡ የያዘው በለስ ገና ወተቱን ያንጠባጥብ ነበርና። አንድ የሚዳሰስ ነገር ረጅም ማብራሪያን ይተካል። ስትመለስ ማሽኑ ቁጥር ከሚያሳይ ይልቅ በነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችው የዚያ ሰፈር ቆሎ ይታይ፣ ገና ትኩስ ሆኖ።