ያለ ጠበቃ ልከስ ነው፤ የብድር ውል ግን የለኝም

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። አምና ሐምሌ ላይ ጎረቤቴ ባጃጁን እንዲያሠራ 22,000 ብር አበደርኩት። 15,000ውን በቴሌብር፣ 7,000ውን በእጁ። ውል አልጻፍንም። በየቀኑ ቡና አብሮኝ የሚጠጣን ሰው «ፈርምልኝ» ማለት አሳፈረኝ።

ጥቅምት ላይ 3,000 መለሰ። ከዚያ በቴሌግራም «አቦ ታገሺኝ፣ የቀረውን 19 ሺህ ለገና እጨርስልሻለሁ» ብሎ ጻፈልኝ። ገናም ፋሲካም አለፈ። ሽማግሌ ላክሁ። በርጫ ላይ አግኝተውት «እሺ» አላቸው፤ በሳምንቱ ሰፈር ቀየረ። ባጃጇ ግን አሁንም በደጄ ታልፋለች፣ አዲስ ሸራ አልብሷታል!

ለ19 ሺህ ብር ጠበቃ መያዝ አያዋጣኝም። ራሴ ልከስ ብዬ ፍርድ ቤት ሄድኩ። የክስ አቤቱታ፣ የማስረጃ ዝርዝርና ለተከሳሹ የሚደርስ ቅጂ አምጪ ተባልኩ። የዳኝነት ክፍያው በምጠይቀው ገንዘብ መጠን ይሰላል። እስከዚህ ገብቶኛል።

የቸገረኝ ራፖር ጸሐፊው ያሳየኝ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2472 ነው። ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ በፍርድ ቤት በሚሰጥ የእምነት ቃል ወይም በመሐላ ነው ይላል። ስለዚህ ብሩን ስሰጠው አጠገቤ የነበረችው እህቴ ብትመሰክርም አይረዳኝም። የቴሌብሩ ደረሰኝ ገንዘብ መላኬን እንጂ ብድር መሆኑን አይናገርም። የቴሌግራሙ መልእክት ይናገራል፤ ፊርማ ግን የለውም።

በዚህ ያለፋችሁ ወይም ሕግ የምታውቁ፦ ደረሰኙንና መልእክቱን አትሜ እንደ ጽሑፍ ማስረጃ ባያይዝ ይበቃኛል ወይስ እዚያው አቤቱታዬ ላይ ተከሳሹ እንዲምልልኝ ጭምር ልጠይቅ?