ኑሳይቢንና ቃሚሽሊ፦ ድንበሩ የት ላይ ይሰመር?

መምህርት ከአዳማ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የ10ኛ ክፍል ተማሪዎች ግድግዳ ላይ የሚለጥፉት የቱርክና የሶርያ ድንበር ካርታ እየተዘጋጀ ነው። ኑሳይቢን (ቱርክ ውስጥ) እና ቃሚሽሊ (ሶርያ ውስጥ) በስልክ ካርታ ላይ ሲታዩ አንድ ከተማ ይመስላሉ። «ለሁለት የተከፈለ የኩርዶች ከተማ» ብሎ መጻፍ ያስኬዳል? መስመሩስ በየት በኩል ይለፍ?

ሐዲድ ተከታይ፦
መምህርት፣ «የተከፈለ» ለዚህ ጥንድ አይሆንም። ሶርያን ይዛ የነበረችው ፈረንሳይና የአንካራው የቱርክ መንግሥት በ1921 (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) ስለ ድንበሩ ሲዋዋሉ ቃሚሽሊ ገና አልተቆረቆረችም፤ በፈረንሳዮች ዘመን፣ በ1926 ገደማ፣ ከኑሳይቢን ፊት ለፊት የተነሣች ከተማ ናት። ነዋሪዎቿም ኩርዶች ብቻ አይደሉም፤ አሦራውያን (ሱርስት ተናጋሪ) ክርስቲያኖች፣ አርመኖችና ዐረቦችም አሉ።

መስመሩን በተመለከተ፦ በውሉ መሠረት ድንበሩ በምዕራብ ካለው ከቾባን ቤይ ጣቢያ እስከ ኑሳይቢን የባግዳድን ባቡር ሐዲድ ይከተላል፤ ሐዲዱና ጣቢያዎቹ ግን የቱርክ ናቸው። ስለዚህ ቀዩን መስመር ሐዲዱ ላይ አትደርቡት፣ በደቡብ ጠርዙ ይሂድ። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው። ከኑሳይቢን በስተምሥራቅ ደግሞ ሐዲዱን ጨርሶ ተዉት፤ እሱ ቃሚሽሊን አልፎ ወደ ሞሱል ይወርዳል፣ ድንበሩ ግን ወደ ጅዝሬ ከተማ (ቱርክ) የሚወስደውን አሮጌ መንገድ ይዞ ጤግሮስ ወንዝ ላይ ይደርሳል።

ኩርዶቹ ሰሜኑን «ሰርኸት»፣ ደቡቡን «ቢንኸት» ይሉታል፦ ከመስመሩ በላይ፣ ከመስመሩ በታች። ከቀዩ መስመር ግራና ቀኝ ቢጻፍ ያምራል።

መምህርት ከአዳማ፦
እግዜር ይስጥልኝ። 1 ሴንቲ ሜትር 10 ኪሎ ሜትር ሆኖ ቢሠራስ?

ሐይቅ ዳር (ሐዋሳ)፦
ለጠቅላላው ካርታ ይበቃል፤ ድንበሩ ከነጠመዝማዛው 910 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ 91 ሴንቲ ሜትር ይወጣዋል። ሁለቱ ከተሞች ግን አንድ ነጥብ ይሆኑና ሐዲዱም አይታይም። ጥግ ላይ 20 በ20 ሴንቲ ሜትር ሣጥን ክፈቱና 1 ሴንቲ ሜትሩን 500 ሜትር አድርጉት። 10 ኪሎ ሜትር በ10 ኪሎ ሜትር ይይዛል፣ መሐል ያለው ባዶ ቦታም ይለያል። ያ ክፍት ቦታ መናፈሻ እንዳይመስላቸው፦ ቱርክ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ድንበሩ ላይ ፈንጂ ቀብራለች፣ በኋላም የኮንክሪት ግንብ አቁማለች። ልጆቹ ሞያሌን ማስታወሳቸው አይቀርም፤ ንጽጽሩ እስከ ስሙ ድረስ እንኳ አይዘልቅም፣ ሞያሌ ከዚህም ከዚያም ሞያሌ ናት።

በእርግጥ የተከፈለ ከተማ ከፈለጋችሁ ሰሬ ካንዬን ጨምሩ። ስሙ ኩርድኛ ነው፤ በዐረብኛ ራስ አልዐይን ትባላለች፣ ሁለቱም «የምንጭ ራስ» ማለት ነው። ከሐዲዱ በላይ ያለው የቱርክ ወገን ጄይላንፒናር ነው። በሶርያ በኩል ያለችው የድንበር ከተማ ኮባኒም የሐዲዱ ልጅ ናት፤ ስሟ ሐዲዱን ከሠራው የጀርመን «ኩባንያ» መጣ ይባላል።

አንባቢ፦
ኑሳይቢን እኮ የእኛ ንጽቢን ናት! በ325 ኒቅያ የተገኘው ያዕቆብ ዘንጽቢን ጳጳሷ ነበር፤ ውዳሴ ማርያምን ደረሰ የሚባለው ቅዱስ ኤፍሬምም ያደገው እዚያ ነው። በ363 ሮም ከተማዋን ለፋርስ ስታስረክብ ክርስቲያኖቿ ለቀው ወጡ፣ ኤፍሬምም ወደ ኤዴሳ፣ ወደ ዛሬዋ ኡርፋ፣ ሄደ። በትንሽ ፊደል ከሥሩ «ንጽቢን» በሉበት፤ ኡርፋም ካርታው ውስጥ ስለምትገባ የሄደበትን መንገድ በነጠብጣብ ማሳየት ይቻላል።